ጡረታ ስትወጪ ጊዜሽን ሌላ ሰው ሳይመድብልሽ

እህቶቼ ዛሬ ስለ ፎር ኦ ዋን ኬ፣ ከደሞዝ ስለሚጠራቀመው የጡረታ ገንዘብ፣ አላወራም፣ እሱን የሚያወራ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። ይሄን የምጽፈው እዚህ አሜሪካ 25 እና 30 ዓመት በነርስነት፣ በአካውንታንትነት፣ በመምህርነት፣ በካውንቲ መስሪያ ቤት ምናምን ሰርተው ጡረታ ለመውጣት ሁለት ሶስት ዓመት ለቀራቸው የኛ ሴቶች ነው። ብሩ ያንስም ይብዛም ያው ተሰልቷል፣ ያልተሰላው ሰኞ ጠዋት የት እንደምትሄጂ፣ ማን እንደሚደውልልሽ፣ ማንስ ካንቺ ምን እየጠበቀ እንደሆነ ነው።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ነርስ ነበርኩ፣ አሁን ወጥቻለሁ፣ ከኔ በፊት የወጡትንም በኋላ የወጡትንም ጓደኞቼን አይቻለሁ። ሁላችንም ላይ የደረሰው አንድ ነገር ነው፣ ጊዜሽን ቀድመሽ ካልመደብሽው ዙሪያሽ ያለው ሰው ይመድብልሻል። ልጆችሽ ለልጆቻቸው፣ ቤተክርስቲያኑ ለወጥ ቤቱ፣ ሀገር ቤት ያለው ዘመድ ለጉዳዩ፣ ባልሽ ለምሳው። ሁሉም ደግሞ በፍቅር ነው የሚመጣው፣ ለዛም ነው ከባድ የሚሆነው፣ የሚጨቀጭቀንን ሰው እምቢ ማለት እንችላለን፣ ወዶን የመጣውን እምቢ ማለት ግን ማን አስተማረን?

ቁጥሩን ባጭሩ ልጨርሰውና ወደ ዋናው ልግባ። በፈረንጅ 1960 እና ከዛ በኋላ ለተወለደ ሰው ሙሉ የሶሻል ሴኩሪቲ፣ የመንግስት ጡረታ ማለት ነው፣ እድሜ 67 ነው፣ በ62 ከጀመርሽ 30 በመቶ ይቀነሳል፣ ቅናሹም አብሮሽ ይኖራል፣ እስከ 70 ከጠበቅሽ ደግሞ 24 በመቶ ይጨመራል። ሜዲኬር የሚባለው የመንግስት የጤና ኢንሹራንስ 65 ላይ ነው፣ መመዝገቢያው 65 ከሚሞላሽ ወር በፊት ሶስት ወር፣ ወሩ ራሱ፣ ከዛ በኋላ ሶስት ወር፣ በጠቅላላ 7 ወር ነው፣ በስራ ኢንሹራንስ ሳትሸፈኚ ካሳለፍሽው ፓርት ቢ ላይ፣ የሀኪሙን በሚሸፍነው ክፍል፣ ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርብሻል። የተፋታሽ ከሆንሽ ጋብቻው 10 ዓመት ከቆየ በቀድሞ ባልሽ ስራ በኩል የሚገባሽ ሊኖር ስለሚችል ሳትጠይቂ አትለፊ። እድሜውን ስትቆጥሪ ደግሞ የወረቀቱን ቁጠሪ፣ ስንመጣ ልደታችን በወረቀት ላይ ያነሰም የበዛም ብዙ ነን፣ መንግስት የሚያውቀው ያንን ነው፣ እውነተኛውን የሚያውቀው ጉልበታችን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የተሸከምሽውን እወቂ

እዚህ ሀገር ስንመጣ ሀበሻ ነን እንጂ ጥቁር ነን ብለን አልነበረም። ስራ ቦታ ነው ያስተማረን። በሽተኛው "አንቺ አትንኪኝ ሌላ ነርስ ጥሪልኝ" ሲል፣ የፍሎሩ ኃላፊ አንቺ ሆነሽ ቤተሰብ መጥቶ "ኃላፊዋ የታለች" ብሎ ሲጠይቅሽ፣ ሚቲንግ ላይ ያልሽውን ሀሳብ ከአስር ደቂቃ በኋላ ሌላ ሰው ሲደግመውና ጭብጨባ ሲያገኝ፣ ያሰለጠንሻት ልጅ አለቃሽ ሆና ስትመጣ። አብረውን የሚሰሩት ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ይሄንን ከልጅነታቸው ነው የሚያውቁት፣ ግማሹን ለማግኘት እጥፍ መስራት አለብሽ እየተባሉ ነው ያደጉት። እኛ ደግሞ አክሰንቱን ጨምረንበት ያንኑ ተሸከምን።

ይሄ ወሬ ብቻ አይደለም። አርሊን ጄሮኒመስ የምትባል የህብረተሰብ ጤና ተመራማሪ በ1992 ያወጣችው ሀሳብ አለ፣ የጥቁር ሴቶች ሰውነት በተደራራቢ ጭንቀት ብዛት ከእድሜው ቀድሞ ያረጃል የሚል ነው። በ2010 ደግሞ ሼሪል ዉድስ ጂስኮምቤ የምትባል የነርሲንግ ተመራማሪ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶችን አነጋግራ "ጠንካራዋ ሴት" የሚባለውን ነገር ዘርዝራ አወጣችው፤ ሁሌ ጠንክሮ መታየት፣ ስሜትን መደበቅ፣ እርዳታ አለመቀበል፣ በትንሽ አቅም ብዙ ለመስራት መታገል፣ ከራስ በፊት ሌላውን ማስቀደም። ዝርዝሩን ሳነበው እናቴን የምታውቃት ነው የመሰለኝ። እና እህቴ ባጁን ስታስረክቢ ይሄ ሁሉ አብሮ አይረከብም፣ ይዘሽው ነው ቤትሽ የምትገቢው።

ለዚህ ነው ብዙዎቻችን የሚገርመን። የመጀመሪያው ወር እረፍት ነው፣ እንቅልፍ ነው፣ ቡና ነው። ከዛ ድንገት ንዴት ይመጣል። ከስንት ዓመት በፊት አንድ ሱፐርቫይዘር የተናገረው ነገር ድስት እያማሰልሽ ትዝ ይልሽና እጅሽ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ለመናደድ ጊዜ አልነበረሽማ፣ ሞርጌጅ ነበር፣ ልጅ ነበር፣ ሺፍት ነበር። አበድኩ እንዴ አትበይ። ገና ስራ ላይ እያለሽ ደብተር ያዢና ያለፈውን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፊው፣ ማንም አያነበውም፣ ስም ጥሪበት፣ ተሳደቢበት። ከዛ ደግሞ ነገሩን ከውስጥ የምታውቅ አንድ ሰው ምረጪ፣ አብራሽ የሰራች ብትሆን ይሻላል ምክንያቱም ለባልና ለልጅ ስናወራ ግማሹን ማስረዳት ላይ ነው የምንደክመው።

አብዛኛው ትልቅ መስሪያ ቤት ኢምፕሎዪ አሲስታንስ ፕሮግራም የሚባል አለው፣ ቴራፒስት ጋ የተወሰነ ጊዜ በነጻ ያስገባሻል፣ በደንብ ተጠቀሚበት፣ ግን ሳትወጪ በፊት! ኤችአር (የሰራተኛ አስተዳደሩ) አይነግርሽም፣ ጠይቂ። ጥቁር ሴት ቴራፒስት ከፈለግሽ ዶክተር ጆይ ሃርደን ብራድፎርድ በ2014 የጀመረችው ቴራፒ ፎር ብላክ ገርልስ የሚባል አለ፣ በየስቴቱ ያሉ ቴራፒስቶችን ዝርዝር ይሰጣል። እኛ ጋ ዲፕረሽን በስሙ አይጠራም፣ ደም ግፊት ነው፣ ራስ ምታት ነው፣ "ዝም ብሎ ድክም ይለኛል" ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ ወይ ከአልጋ መነሳት ካቃተሽ፣ ደስ ይልሽ የነበረው ነገር ካስጠላሽ ለሀኪምሽ ንገሪ፣ ጸበሉም ጸሎቱም አይቀርም አብሮ ይሄዳል። የባሰ ሀሳብ፣ ራስን የማጥፋት ማለቴ ነው፣ ከመጣ 988 ላይ መደወል ነው፣ ቀንም ሌሊትም ይሰራል።

ልምምድ አድርጊ

ያጠራቀምሽው ፒቲኦ፣ ደሞዝ የሚከፈልበት እረፍት፣ ካለ ሁለት ወይ ሶስት ሳምንት ውሰጂና የትም ሳትሄጂ ቤትሽ ተቀመጪ። ሀገር ቤት የለም፣ ላስ ቬጋስ የለም፣ ሰርግ የለም፣ ለዘመድም እረፍት ላይ ነኝ አይባልም። ዝም ብለሽ ጡረታ የወጣሽ መስለሽ ኑሪ። ቀኑ በየትኛው ሰዓት እንደሚከብድሽ ታያለሽ፣ እኔ ጋ ከምሳ በኋላ ነበር። ለዛ ሰዓት ከቤት የሚያስወጣሽ ነገር ፈልጊ፣ ጠዋቱ ለራሱ አያንስም። ናይት ሺፍት ስትሰሪ የኖርሽ ከሆነ ደግሞ እንቅልፉ እስኪስተካከል ወራት ሊወስድ ስለሚችል በዛ ድካም ላይ ሆነሽ ስለ ህይወትሽ አትፍረጂ። በመጀመሪያው ዓመት ቤት አትሽጪ፣ ስቴት አትቀይሪ፣ ለማንም ሬስቶራንት መክፈቻ ብር አታውጪ። የመጨረሻው በተለይ።

ንግግሮቹ

ይሄ ነው ከባዱ፣ ስለዚ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ለኤችአር ቀኑን ከመንገርሽ በፊት ከቤተሰብ ጋር መነጋገር አለብሽ፣ በየተራ፣ ለየብቻ።

ከልጆች ልጀምር። ዴይኬር ስንት እንደሆነ እናውቃለን፣ ልጆቻችን እውነታቸውን ነው፣ እኛም የልጅ ልጅ አቅፈን አንጠግብም። ግን "እማዬ ሪታየር ታደርጊያለሽ አይደል" ብለው የሚጀምሩት ወሬ መጨረሻው በሳምንት አምስት ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ አስራ ሁለት ነው፣ ያ ደግሞ ደሞዝ የሌለው ፉል ታይም ስራ ነው። ስለዚ እነሱ ሳይጠይቁ አንቺ አቅርቢው፤ "ማክሰኞና ሐሙስ እኔ ጋ ናቸው፣ ሌላው ቀን የራሴ ፕሮግራም አለኝ።" ፕሮግራሙ ምን እንደሆነ ማስረዳት የለብሽም። ቀኑን ጠርተሽ ከሰጠሽ ልጅ ይቀበላል፣ "አያለሁ እስኪ" ካልሽ ግን አምስቱንም ወሰደው በይ። ህጻኑ ሲያመው ሌላ ነው፣ ያኔማ ማን ይቀመጣል።

ሀገር ቤት ያለው ንግግር ግን አንድ ዓመት ሙሉ ይፈልጋል። እዛ ያለው ሰው አሜሪካ ጡረታ ሲባል መንግስት እስክትሞት ደሞዟን ይከፍላታል ብሎ ነው የሚያስበው፣ እንዲያውም ስራ ስላቆመች አሁን ጊዜም ብርም አላት ነው። በቤተሰብ ግሩፕ ላይ እንዳትጽፊው፣ በቴሌግራም የተጻፈ ነገር ሰው እንደፈለገው ነው የሚተረጉመው። ሌላው የሚሰማው አንድ ሰው አለ በየቤቱ፣ ታላቅ ወንድም ሊሆን ይችላል አክስት ልትሆን ትችላለች፣ እሱ ጋ ደውይና በዝርዝር ንገሪ። የሚቀጥለው ይሄ ነው፣ የእማዬ መድኃኒትና የቤት ሰራተኛዋ ደሞዝ። የሚቆመው ደግሞ ይሄ ነው፣ የሰርግ መዋጮው፣ ስልኩ፣ የመኪና እቃው፣ "ትንሽ ጎደለብኝ" የሚለው። ከዛ ቀስ እያልሽ ቀንሺ፣ በየሶስት ወሩ ትንሽ ትንሽ፣ በአንዴ ከቆመ ቅያሜ ነው። ይሄን ወሬ ለእንቁጣጣሽ ወይ ለፋሲካ ሰሞን አትጀምሪው፣ ያኔ ሰው የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው። በአንድ ጊዜ የሚወጣ ገንዘብ እንዳለሽ ደግሞ ለማንም አትናገሪ፣ ለማንም ስል ለምትወጃትም እህት ማለቴ ነው፣ ምስጢር ስለማትጠብቅ ሳይሆን ሲጨንቃት ያንቺን ብር ስለምታስብ ነው።

እና ተዘጋጂ፣ የሚደውለው ሰው ይቀንሳል። ያማል። ማን ላንቺ ማን ለብሩ ይደውል እንደነበር የዛኔ ትለያለሽ፣ ግን ቶሎ አትፍረጂባቸው፣ ሰው ሲያፍርም ይጠፋል።

ባል ያላችሁ፣ እሱ ቀድሞ ወጥቶ ከሆነ ቤቱን በራሱ ስርዓት አስይዞታል ማለት ነው፣ ቲቪው ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው፣ ፖለቲካው አያልቅም። አንቺ ስትመጪ ምሳ የሚባል አዲስ ነገር ይፈጠራል፣ 30 ዓመት ምሳውን ራሱ ሲበላ የኖረ ሰውዬ "ምን አለ የሚበላ" ማለት ይጀምራል። በመጀመሪያው ሳምንት ነው መስመር የሚያዘው፣ በሁለተኛው ወር ረፍዷል።

ቤተክርስቲያኑም እንደዛው ነው። በንግስ ቀን ወጥ መስራት በረከት ነው፣ እኔም እሰራለሁ፣ ግን ኮሚቴው ስልክሽን "ስራ የላትም" ብሎ የመዘገበው ቀን አለቀልሽ። የምትችይውን አንድ አገልግሎት ራስሽ መርጠሽ ቅረቢ። ነርስ ከሆንሽ ከቅዳሴ በኋላ የእናቶችን ደም ግፊት መለካት አንድ ነገር ነው፣ ሽንኩርት ልጣጩ ላይ ብዙ እጅ አለ፣ ይሄኛው ላይ የለም።

ሰው ፈልጊ፣ አሁኑኑ

ስልክሽን አውጪና ባለፈው ወር ስለ ስራ ሳይሆን እንዲሁ ለወሬ የደወልሽላቸውን ሰዎች ስም ጻፊ። ዝርዝሩ አጭር ከሆነ አትደንግጪ፣ ደብል ሺፍት ስትሰሪ ጓደኛ መያዝ የት ይመጣል። ግን ከመውጣትሽ በፊት ማርዘም አለብሽ፣ የስራ ቦታ ወዳጅነት አብዛኛው ከባጁ ጋር ነው የሚቀረው፣ ከወጣሽ በኋላ "እንገናኝ" ይባላል በቃ።

እዚህ ላይ አንድ የሚቆጨኝን ልናገር። እኛ ሀበሾች ከጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ጋር 20 ዓመት ጎን ለጎን ሰርተን ቤታቸውን አናውቀውም። ብሬክ ሩም ላይ የሚያስቀን እነሱ፣ ፈረንጁ ሲያስቀይመን ዓይናችንን አይቶ የሚገባው እነሱ፣ ማታ ግን እነሱ ወደነሱ እኛ ወደኛ። ከስራ ልትወጪ ስትይ ከነዚህ ሴቶች ሁለት ሶስቱን ቤትሽ ጥሪ፣ ቡና አፍዪ፣ እነሱ ሲጠሩሽ ደግሞ ሂጂ። ጡረታን ከኛ በፊት ያውቁታል፣ እናቶቻቸው እዚሁ ሰርተው እዚሁ ጡረታ የወጡ ናቸው፣ የኛ እናቶች ግን ለዚህ ምሳሌ ሊሆኑን አይችሉም። እነሱ ጋ ደግሞ የሴቶች ማህበር የሚገርም ነገር ነው። ሶሮሪቲ የሚባሉ የኮሌጅ ሴቶች ማህበሮች አሏቸው፣ አልፋ ካፓ አልፋ በ1908፣ ዴልታ ሲግማ ቴታ በ1913 እዚሁ ዲሲ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው የተመሰረቱት፣ አባሎቻቸው ከኮሌጅ ከወጡም በኋላ እድሜ ልካቸውን አባል ናቸው፣ ልክ እንደ እናቶቻችን የጽዋ ማህበር። ሁሉም ቦታ እኛ አንገባም፣ ሶሮሪቲ የራሱ ደንብ አለው፣ ግን ሜሪ ማክሊዮድ ቤቲዩን የምትባል ሴት በ1935 የመሰረተችው ናሽናል ካውንስል ኦፍ ኒግሮ ዊመን አለ፣ ዋናው መስሪያ ቤቱ ዲሲ ፔንሲልቬንያ አቬኑ ላይ ነው። ድርጅቱን 40 ዓመት የመራችው ዶሮቲ ሃይት ብላክ ፋሚሊ ሪዩኒየን የሚባለውን ትልቅ የቤተሰብ ዝግጅት በ1986 ስትጀምር 74 ዓመቷ ነበር፣ እኛ 66 ላይ አረጀን እንላለን። ገርልትሬክ የሚባልም አለ፣ በ2010 የተጀመረ፣ ጥቁር ሴቶች በቀን 30 ደቂቃ ለጤናቸው እንዲራመዱ የሚያነሳሳ፣ ለዚህ ስኒከር ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ።

መማር ለምትወድ ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ 60 ዓመት ከሞላሽ የመንግስት ኮሚኒቲ ኮሌጅ ላይ ቱዊሽን (የትምህርቱ ክፍያ) ይነሳልሻል፣ ፊ የሚባለውን ተጨማሪ ክፍያ ብቻ ነው የምትከፍይው፣ ቨርጂኒያም 60 ለሞላው የራሱ ህግ አለው። ጆርጅ ሜሰንና አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ኦሸር የሚባል ለትልልቅ ሰዎች የተዘጋጀ ትምህርት አላቸው፣ ፈተና የለ ግሬድ የለ፣ ታሪክ ልትማሪ ትችያለሽ ስዕል ልትማሪ ትችያለሽ። ሜትሮም ከ65 በኋላ በግማሽ ዋጋ ነው። ክፍሉ ውስጥ ጥቁር አንቺ ብቻ ልትሆኚ ትችያለሽ፣ ሂጂ ግን፣ ይሄኛው ክፍል ውስጥ ማንም አለቃሽ አይደለም፣ ካልተመቸሽ ቦርሳሽን አንስተሽ መውጣት ነው።

ብቻሽን የምትኖሪ

ያላገባሽ፣ ወይ የተፋታሽ፣ ወይ ልጆችሽ ካሊፎርኒያ የሆኑብሽ፣ ይሄን በተለይ አንብቢ። ኮሎኖስኮፒ፣ በማደንዘዣ የሚሰራው የአንጀት ምርመራ፣ ስትታዘዢ ሆስፒታሉ "ማን ነው የሚወስድሽ" ይልሻል፣ በኡበር አይለቁሽም። ይሄን ጥያቄ በሽተኞቼን ጠይቄ ዝም ያሉኝ ሴቶች ብዙ ናቸው፣ ማስተርስ ያላቸው፣ ሙሉ ቤተሰብ ያስተማሩ። ስለዚ አንቺ ዓይነት ሁለት ሴቶች ፈልጊና ተነጋገሩ፣ እኔ ላንቺ አንቺ ለኔ፣ የቤት ቁልፍ ተለዋወጡ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ቃልም ቢሆን ቴክስት ተደራረጉ። ራስሽን ስተሽ ሀኪሙ ማንን ይጠይቅ የሚለውን ወረቀት፣ አድቫንስ ዳይሬክቲቭ ይባላል፣ ሙይው፣ ስሟን የጻፍሽላት ሴት ኮፒው እጇ ላይ ይኑር። እድርም ግቢ፣ ዲሲ አካባቢ ሞልቷል፣ ሳይታመሙና ሳያረጁ ነው የሚገባው፣ ብዙዎቹ መጠበቂያ ጊዜ አላቸው። እድር ደግሞ ለሬሳ መላኪያ ብቻ አይምሰልሽ፣ ስትጠፊ "የት ጠፋች" የሚል ሰው የሚገኘው እዛ ነው።

ስድስት ወር እዚህ ስድስት ወር እዛ

ሁላችንም የምንለው ነው ይሄ። ይቻላል፣ የሚያደርጉትም አሉ። ግን በገናና በሰርግ ሰሞን ያየሻትን አዲስ አበባ አይተሽ አትወስኚ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሂጂ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ጭቃው ሲያስጠላ፣ ዲያስፖራው በሌለበት፣ ያለ ሁለት ሻንጣ ስጦታ። እንግዳነትሽ ካለቀ በኋላ፣ አምስተኛው ሳምንት ላይ ማን ጋ ቡና እንደምትጠጪ እዪ። ጓደኞችሽ ግማሾቹ የሉም፣ ግማሾቹ እንዳንቺው ውጪ ናቸው፣ ሰፈርሽም ፈርሶ ሊሆን ይችላል። ለነሱ አሜሪካዊት ነሽ፣ እዚህ ደግሞ ስደተኛ፣ ይሄን አስቀድመሽ ካወቅሽው ያን ያህል አይከፋም።

ዜጋ ከሆንሽ ሶሻል ሴኩሪቲሽ እዛም ይከፈልሻል፣ ሜዲኬር ግን ከአሜሪካ ውጪ በአብዛኛው አይሰራም፣ ስለዚ እዛ ለመታከሚያ ለብቻ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ላይ ያለሽ ረጅም ጊዜ ከመቆየትሽ በፊት ጠበቃ አማክሪ፣ ከዓመት በላይ ከቆየሽ ስትመለሺ ችግር አለው። ቢጫ ካርዱን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ቀደም ብለሽ አውጪ። ውክልና ደግሞ ኤምባሲ ሄደሽ ስትሰጪ "ለመሸጥ ለመለወጥ" የሚለው ቃል ውስጡ ካለ ቆም በይ፣ ቤት ለማከራየት ከሆነ ማከራየት ብቻ ይጻፍበት፣ መብራትና ውሃ ለመክፈል ከሆነ እሱ ብቻ ይጻፍበት። "አታምኚኝም እንዴ" ለሚልሽ ዘመድ "ጠበቃዬ ነው እንደዚ አድርጊ ያለኝ" ብትይ ቅያሜው ወደ ጠበቃው ይሄዳል።